ስለ ትልቅ ሞኒተር አመራረጥ

የዛሬው ትምህርት በዓይን የሚታየውን ነገር በጆሮ ለማስረዳት የሚሞክር እንደ መሆኑ መጠን ከወትሮው ጥቂት የበለጠ ትዕግሥት ሳይጠይቅ አይቀርም። ርእሰ ነገሩም ለጽሕፈት፣ ለሒሳብ፣ ለንድፍና ለንባብ በጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ገጹ ሰፊ፣ ጥራቱም ከፍ ያለ የኮምፒውተር ሞኒተር እንዴት ተመርምሮ እንደሚገዛ ነው።

በሐዋሳ መናኸሪያ ክፍለ ከተማ የተዘዋወረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ከሻሸመኔና ከይርጋለም፣ ከዲላና ከወላይታ ሶዶ የመጣው መንገደኛ ከአውቶቡስ ወርዶ ባጃጅ ከመጥራቱ በፊት ዓይኑ የሚያርፍባቸው፣ በራቸው ወደ አስፋልቱ የተከፈተ፣ በመስተዋታቸውም ላይ «ማመልከቻ እንጽፋለን፣ ሲቪ እናዘጋጃለን፣ ላሚኔት እናደርጋለን» የሚል ወረቀት የተለጠፈባቸው ጠባብ ጠባብ የጽሕፈት ቤቶች አሉ። በእነዚህ ቤቶች ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጣ የሰውን አቤቱታ፣ ውክልና፣ ውልና ኑዛዜ ስትጽፍ በምትውለው ጸሐፊ ፊት የሚቆመው ሞኒተር ብዙ ጊዜ 18.5 ኢንች የሚባለው፣ በአግድሙ 1366፣ በቁመቱ 768 ነቁጦች ብቻ ያሉት አሮጌ ዕቃ ነው። ስለ ትላልቅ ሞኒተሮች ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚጠቀሱት ጨዋታ የሚወዱ ወጣቶችና ፊልም የሚያቀናብሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ እኔ ግን ጥሩ ሞኒተር ከሁሉ አስቀድሞ የሚገባው ለዚህች ጸሐፊ ነው ባይ ነኝ፤ እርሷ የምትጽፍበት ፊደል ከላቲኑ ፊደል ይልቅ ብዙ ነቁጥ የሚጠይቅ ነውና።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። ሞኒተር ሥዕሉንም ጽሑፉንም የሚሠራው ፒክስል በሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን በሚሰጡ ጥቃቅን ነቁጦች ነው። ዛሬ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው፣ ፉል ኤችዲ የሚባለው ሞኒተር በአግድም 1920፣ በቁመት 1080 ነቁጦች ሲኖሩት፣ ሁለቱ ሲባዙ ከ2 ሚሊዮን ጥቂት ይበልጣሉ፤ ከእርሱ ከፍ የሚለው 2560 በ1440 ወደ 3.7 ሚሊዮን ይደርሳል፤ 4ኬ የሚባለው፣ 3840 በ2160 የሆነው ግን 8.3 ሚሊዮን ያህል ነቁጦች አሉት። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ኢንች ከዚህ ሁሉ ጋር ግንኙነት የለውም፤ እርሱ የሚነግረን ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን ያለውን የሰያፍ ርዝመት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሞኒተር ለንባብ የተስማማ መሆኑን ለማወቅ የሰያፉን ርዝመትና የነቁጡን ብዛት አንድ ላይ ወስዶ በእያንዳንዱ ኢንች ውስጥ ስንት ነቁጥ እንደተሰለፈ መጠየቅ ግድ ይሆናል።

አሁን ወደ ፊደላችን እንመለስ። የላቲን ፊደል አናባቢውን ለብቻው ስለሚጽፍ ቅርጾቹ ጥቂትና የተራራቁ ናቸው፤ የእኛ ፊደል ግን ከግዕዝ እስከ ሳብዕ በሰባት ቤት ተደርድሮ አንዱ ቤት ከሌላው የሚለየው በእጅግ ትንሽ ምልክት ነው፤ ካዕቡ ከጎኑ በምትወጣ ጭረት፣ ሣልሱ ከእግሩ በምትወጣ ጭረት፣ ኃምሱም በዚያው በእግሩ ላይ በምትንጠለጠል ቀለበት ይታወቃል። ቀለበቷ ቀለበት ሆና የምትታየው በመካከሏ ባዶ ቦታ ሲኖር ነው፤ ባዶው ቦታ የሚኖረውም ለእርሱ የሚተርፍ ነቁጥ ሲገኝ ነው። ነቁጡ ሲያንስ ቀለበቷ ትደፈንና ኃምሱ ሣልስ ይመስላል፤ ጤ ከጢ፣ ሴ ከሲ፣ ዴ ከዲ ለመለየት ዓይን ይቸገራል። እነ ጬና ጿ፣ እነ ኋና ቿማ በእንዲህ ያለው ገጽ ላይ ሲወጡ የቀለም ጠብታ እንጂ ፊደል አይመስሉም።

አንድ ሽማግሌ የመሬት ጉዳይ ይዘው ከገጠር መጡ እንበል።

«አባባ፣ ምን ብዬ ልጻፍልዎት?»

«የኔ ልጅ፣ ቤቴ እንዲመለስልኝ ብለሽ ጻፊልኝ፤ ሌላ ነገር አልጠይቅም።»

ልጅቱም በፍጥነት ስትጽፍ ጣቷ በአንድ ቁልፍ ይስትና በኃምሱ ቴ ፈንታ ሣልሱ ቲ ይገባል። ወደ ገጹ ጠጋ ብላ፣ አፍንጫዋ መስተዋቱን እስኪነካ ድረስ አጎንብሳ ብታነብም ቲውና ቴው በ18.5 ኢንቹ ላይ አንድ ዓይነት ጥቁር ነጥብ ስለሚመስሉ አልፋው ትሄዳለች፤ ማመልከቻው ታትሞ በሽማግሌው እጅ ሲገባ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው «ቤቲ እንዲመለስልኝ» የሚለውን ካነበቡ በኋላ ቀና ብለው «ቤቲ ደግሞ ማን ናት?» ይላሉ። በጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ቢሆን ነገሩ በሳቅና በአንድ ወረቀት ኪሳራ ያልቃል፤ በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ሲገኝ ግን እንዲህ በቀላሉ አያልቅም።

ይህ ምሳሌ የተጋነነ እንዳይመስል በቁጥር እንየው። ኮምፒውተር በተለመደው ልኩ ሲሠራ 11 ነጥብ የሚባለውን የጽሑፍ መጠን 15 ነቁጥ ያህል ቁመት ይሰጠዋል፤ በዚህ 15 ውስጥ የፊደሉ ራስ፣ ወገብ፣ እግር፣ ከበላዩና ከበታቹ የሚቀረው ክፍተት ሁሉ መግባት ስላለበት ለኃምሷ ቀለበት የሚደርሳት ሁለት ወይም ሦስት ነቁጥ ነው። ያንኑ ጽሑፍ 27 ኢንች በሆነ 4ኬ ሞኒተር ላይ አድርጋችሁ የኮምፒውተሩን የማጉያ ልክ ወደ 200 ከመቶ ብታሳድጉት፣ ፊደሉ በዓይን ሲታይ ከቀድሞው ብዙም ሳይተልቅ የተሠራበት ነቁጥ ግን 29 ያህል ይሆናል። የፊደሉ ግዘፍ ያው ሆኖ የተጻፈበት ብዕር ቀጠነ እንደ ማለት ነው፤ ቀለበቷ ትከፈታለች፣ ጭረቷም ከየት እንደ ተነሣች ትታያለች።

ከዚህ ላይ በገበያው ውስጥ ብዙ ሰው የሚወድቅበትን ወጥመድ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ለዓይኑ አስቦ አሮጌውን 18.5 ኢንች አውጥቶ በምትኩ 27 ኢንች የሆነ፣ ነገር ግን ነቁጡ 1920 በ1080 ብቻ የሆነ ሞኒተር የሚገዛ ሰው በኢንች ውስጥ የሚያገኘው 82 ያህል ነቁጥ ነው፤ የጣለው አሮጌ ሞኒተር ግን 85 ነበረው። ገንዘቡን ከፍሎ ይበልጥ የሻከረ ጽሑፍ ወደ ቤቱ አስገባ ማለት ነው። 32 ኢንች ሆኖ ነቁጡ ያው 1920 በ1080 ከሆነ ደግሞ ወደ 70 ይወርዳል። በአንጻሩ 27 ኢንች ከ2560 በ1440 ጋር 109፣ 32 ኢንች ከ4ኬ ጋር 138፣ 27 ኢንች ከ4ኬ ጋር 163 ይሰጣል። እነዚህን አራት አምስት ቁጥሮች በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ በኪሱ የያዘ ሰው ከየትኛውም ነጋዴ ፊት ሳያፍር መቆም ይችላል።

ፊደላችን ከመሣሪያ ጋር መጋጨቱ የዛሬ ነገር አይደለም። ቅጥያው ለብቻው እየተመታ ከፊደሉ አካል ጋር በሚጋጠምበት በአማርኛ የጽሕፈት መኪና የሠሩ አዛውንት ፊደሉ እንዴት አንገቱ እየተሰበረ፣ እግሩ እየተንሻፈፈ ይወጣ እንደነበር አይዘነጉትም። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 ቦታ ካገኘ፣ ዊንዶውስ ቪስታም በ2007 ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ይዞ ከወጣ ወዲህ፣ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ፊደል ሙሉና የታረመ ሆኗል፤ የጎደለው ውስጡ ያለውን በውጭ በታማኝነት የሚያሳይ ገጽ ነው። እንዲህ ያለውም ገጽ እንግዳ ፈጠራ አይደለም፤ አይቢኤም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው፣ 22.2 ኢንች በሆነ ሞኒተር ላይ 3840 በ2400 ነቁጦች አሰልፎ ነበር፤ ዋጋው ግን ለሆስፒታልና ለምርምር ተቋም ካልሆነ በቀር ለተራ ሰው የሚቀመስ አልነበረም። ለሕዝብ የቀረበው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ነቁጥ ነው፤ ነቁጥ ግን ያለ ርቀት ትርጉም የለውም። በቤተ ክርስቲያናችን በአትሮኖስ ላይ ተዘርግቶ በማኅሌት ጊዜ ብዙዎች ዙሪያውን ቆመው የሚያዩት መጽሐፍና አንድ መነኩሴ በጉልበቱ ላይ አድርጎ ለብቻው የሚደግመው ዳዊት በአንድ ዓይነት የፊደል ግዘፍ አይጻፉም፤ ቁም ጸሐፊው ብራናውን ከማስመሩ በፊት መጽሐፉ ከምን ያህል ርቀት እንደሚነበብ አስቀድሞ ያስባል። በሞኒተርም ሕጉ ይኸው ነው። ጤናማ ዓይን ሁለት ነቁጦችን ለይቶ የሚያይበት ወሰን ከስልሳ ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ 0.17 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ነቁጡ ከዚህ ካነሰ ገጹ እንደ ታተመ ወረቀት ልሙጥ ሆኖ ይታያል፣ ከበለጠ ግን ሻካራነቱ ይሰማል። የ27 ኢንቹ 4ኬ ነቁጥ 0.155 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ከወሰኑ በታች ነው፤ የ2560 በ1440ው 0.23 ስለሆነ ጥቂት ከፍ ይላል፤ የ1920 በ1080ው ግን 0.31 ስለሆነ ልሙጥ ሆኖ እንዲታየው የሚፈልግ ሰው ከአንድ ሜትር በላይ ማፈግፈግ አለበት። በመናኸሪያ አካባቢ ባሉት ቤቶች ውስጥ አንድ ሜትር ካፈገፈጋችሁ ጀርባችሁ ከፎቶ ኮፒው ማሽን ጋር ይላተማል፤ ስለዚህ ቦታው ራሱ ነቁጡ የደቀቀውን ሞኒተር ያስመርጣችኋል።

ስለ ስፋቱስ? የስፋት መለኪያ እንዲሆን እኔ የምመክረው ማንም ጽሕፈት ቤት የማያጣውን፣ ኤ4 የሚባለውን ወረቀት ነው። ወርዱ 21፣ ቁመቱ 29.7 ሳንቲ ሜትር ነው። ሻጩ ሞኒተሩን ሲያሳያችሁ ወረቀቱን ከገጹ ላይ ደገፍ አድርጉት። በ24 ኢንቹ ላይ ወረቀቱ ከላይ እስከ ታች ልክክ ብሎ ይሞላዋል፤ ነገር ግን የጽሑፍ ፕሮግራሙ ከላይና ከታች የሚወስደው ቦታ ስላለ፣ ገጹን በእውነተኛ ልኩ በአንድ ጊዜ ማየት አይቻልም። 27 ኢንቹ ቁመቱ 33.6፣ ወርዱ 59.8 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ሁለት ወረቀት ጎን ለጎን ይይዛል፤ በግራ በኩል የቀድሞውን ውል፣ በቀኝ በኩል የሚሻሻለውን አድርጎ ማስተያየት ይቻላል ማለት ነው፤ ይህ ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆጥብ የሚያውቀው ሁለት ሰነድ እያገላበጠ የዋለ ሰው ብቻ ነው። 32 ኢንቹ ከ39 ሳንቲ ሜትር በላይ ቁመት ስላለው ገጹን በሙሉ ልኩ አሳይቶ ለፕሮግራሙ መዘርዝርም ቦታ ይተርፈዋል፤ የቤት ንድፍ የሚሠሩ አርክቴክቶችና መሐንዲሶች፣ በሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ሙያ የሚማሩትም፣ ኤ3 ንድፋቸውን ከመዘርዝሩ ጋር ሳይሰባብሩ በምቾት የሚያዩት በዚህኛው ላይ ነው። ከዚህ በላይ፣ 40 ኢንችን አልፎ የሚሄደው ስፋት፣ አንገትን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልስ ስለሚያውል ለጽሑፍ ሰው አይረባም የሚል አስተያየት አለኝ፤ ጎበጥ ብሎ የተሠራውም እንዲሁ፣ ለመዝናኛ ካልሆነ በቀር የሠንጠረዥ መስመር የቀና መሆን አለመሆኑን ለሚመረምር ዓይን እንቅፋት ነው።

ይሁን እንጂ 4ኬ ለሁሉ ሰው ይስማማል ማለት አይደለም። ማጉያው በ200 ከመቶ ሲሆን ፊደሉ ይጠራል፣ በገጹ ላይ የሚያዘው የሥራ ብዛት ግን ከ1920 በ1080 ሞኒተር አይበልጥም፤ በ150 ከመቶ ሲሆን የ2560 በ1440ን ያህል ይይዛል፣ ፊደሉም እንደ ጠራ ይቆያል፤ ብዙ ሰው የሚረጋበት ልክ ይኸኛው ነው። ችግሩ ግን የድሮ ፕሮግራሞች ይህን የማጉያ ሥርዓት አለማወቃቸው ነው። በከተማችን ያሉ የሒሳብ ባለሙያዎች እስካሁን የማይለዩት ፒችትሪ፣ በተለይ አሮጌው እትም፣ በ4ኬ ገጽ ላይ ሲከፈት ወይ ፊደሉ እንደ ጤፍ ቅንጣት ይደቅቃል፣ ወይም ኮምፒውተሩ በግድ ሲያጎላው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። እንግዲህ ውሎው ከፒችትሪ ጋር የሆነ ሰው፣ የጎረቤቱን 4ኬ አይቶ ሳይቀና፣ ያለ ማጉያ የሚሠራውን 27 ኢንች፣ 2560 በ1440 ቢገዛ ብልህነት ነው።

ሞኒተሩ ምንም ያህል ቢሻሻል ሥዕሉን የሚልክለት ኮምፒውተር ነው፤ ከገዙ በኋላ የሚያዝኑ ሰዎች አብዛኞቹ የሚያዝኑት እዚህ ላይ ነው። 8.3 ሚሊዮን ነቁጥ በየሰከንዱ ስልሳ ጊዜ ሲታደስ በሰከንድ ወደ 500 ሚሊዮን ነቁጥ መላክ አለበት። ሰማያዊ ጫፍ ያለው፣ በብሎን የሚጠብቀው የድሮው ቪጂኤ ገመድ ይህን ሸክም ጨርሶ አይሸከምም፤ እርሱ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ሥርዓት ነው። ኤችዲኤምአይ የሚባለው በ1.4 ደረጃው 4ኬን የሚያስተላልፈው በሰከንድ ሠላሳ ጊዜ ብቻ በማደስ ስለሆነ የማውሱ ቀስት ሲንቀሳቀስ እየተንገዳገደ ይታያል፤ ስልሳውን ለማግኘት እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የወጣው 2.0 ደረጃ ያስፈልጋል። ነገር ግን ተስፋ አትቁረጡ፤ አገልግሎ ወደ አገራችን የሚገባው፣ በየቢሮው የምናየው የዴል ኦፕቲፕሌክስ ሣጥን ብዙውን ጊዜ ከጀርባው አንድ ማዕዘኑ የተቆረጠ ቀዳዳ፣ ዲስፕሌይፖርት የሚባለው፣ አለው፤ ውስጡ ያለው ኢንቴል አራተኛ ትውልድ ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ከሆነ በዚህ ቀዳዳ በኩል 4ኬን በስልሳ ያሳልፋል። ሦስተኛው ትውልድና ከእርሱ በፊት የነበሩት ግን በዚሁ ቀዳዳ ከ2560 በ1600 አያልፉም። ስለዚህ ገበያ ከመውረዳችሁ በፊት የኮምፒውተራችሁን ጀርባ በስልካችሁ ፎቶ አንሡ፤ የፕሮሰሰሩንም ስም ጻፉ።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ድካም ሰምቶ «ቴሌቪዥን አለኝ አይደለም እንዴ?» ይላል። የ32 ኢንች ቴሌቪዥን ብዙ ጊዜ ነቁጡ ያው 1366 በ768 ስለሆነ በኢንች ሃምሳም አይሞላም፤ ከሦስት ሜትር ርቀት ዜና ለማየት የተሠራ ነውና በጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ፊደሉ እንደ ጥልፍ ይቆጠራል። 43 ኢንች የሆነ 4ኬ ቴሌቪዥን ይሻላል፤ 102 ያህል ነቁጥ በኢንች አለው። ነገር ግን ቴሌቪዥን የብርሃኑን ዝርዝር ጠብቆ የኅብሩን ዝርዝር የመቀነስ ልማድ ስላለው፣ ቀይ ፊደል በሰማያዊ መደብ ላይ ሲጻፍ ዳር ዳሩ ይደበዝዛል። ከቴሌቪዥኑ የማስተካከያ ዝርዝር ውስጥ ለኮምፒውተር የተመደበውን አሠራር ፈልጎ መክፈት ይረዳል፤ ቴሌቪዥኑ ያንን የማያውቅ ከሆነ ግን ለሳሎን ተዉት።

ስለ ገጹ ዓይነት በአጭሩ እንለፍ። አይፒኤስ የሚባለው ከጎን ሲያዩት ኅብሩ የማይለወጥ፣ ቪኤ የሚባለው ጥቁሩ የጠለቀ፣ ቲኤን የሚባለው ርካሽና ከጎን ሲታይ የሚነጣ ነው። ደንበኛ ከጸሐፊዋ ጎን ቆሞ የራሱን ማመልከቻ በሚያነብበት ቤት ውስጥ አይፒኤስን ትቶ ሌላውን መምረጥ አይገባም።

ብርሃን ግን ጥቂት ሐተታ ይፈልጋል። የሐዋሳ ሐይቅ ከከተማዋ በስተ ምዕራብ ስለሆነ፣ በሩ ወደዚያ የሚመለከት ቤት ከሰዓት በኋላ የሚገባበት ፀሐይ አስፋልቱን መትቶ ወደ ውስጥ ስለሚመለስ፣ መስተዋት የሚመስል የሚያብረቀርቅ ገጽ ያለው ሞኒተር ጽሑፉን ትቶ መንገዱን፣ ባጃጁንና አላፊ አግዳሚውን ያሳያል። ስለዚህ ገጹ የማያብረቀርቀውን ምረጡ፤ ድምቀቱም ከ300 ኒት ባያንስ መልካም ነው። ከሁሉ የሚሻለው ግን ወጪ የሌለው ነገር ነው፦ ጠረጴዛውን በማዞር ብርሃኑ ከፊትም ከኋላም ሳይሆን ከጎን እንዲመጣ ማድረግ። የሞኒተሩ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ትክክል ወይም ጥቂት ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ እግሩ ከፍና ዝቅ የማይል ከሆነ አንድ ደስታ ወረቀት ከሥሩ ማስቀመጥ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ያነሣዋል። ወረቀቱ ሲያስፈልግ ከሥሩ እየተመዘዘ ሞኒተሩ ከቀን ወደ ቀን ዝቅ እንዳይል ብቻ ተጠንቀቁ።

ዋጋውን በተመለከተ ዛሬ የምናገረው ቁጥር ነገ ስለሚሽር አልናገረውም፤ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ፣ በፊት 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ እርሱን ተከትሏል። ብዙ ሰው ወደ አገለገለ ሞኒተር ፊቱን ያዞረውም ስለዚህ ነው፤ ይህም የሚያሳፍር አይደለም፤ በጥንቃቄ የተመረመረ ያገለገለ 2560 በ1440፣ ምንጩ ካልታወቀ አዲስ 4ኬ ይሻላል። ምርመራውም ቀላል ነው። ገጹን በሙሉ ነጭ፣ ከዚያ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ እያደረጋችሁ የሞተ ነቁጥ ፈልጉ፤ በጥቁሩ ጊዜ ብርሃን ከማዕዘኖቹ እንዳያፈስ እዩ። ቀጥሎ በፍላሽ ይዛችሁ የሄዳችሁትን የራሳችሁን የአማርኛ ሰነድ ክፈቱ። ሻጩ የሚያሳያችሁ የተራራና የአበባ ሥዕል ማንኛውንም ሞኒተር ያሳምራል፤ ቴና ቲን ለይቶ ማሳየት ግን የሁሉም ዕጣ አይደለም። «4ኬ ይቀበላል» የሚል ጽሑፍ ካርቶኑ ላይ ካያችሁ ደግሞ አትቸኩሉ፤ መቀበል ሌላ፣ መያዝ ሌላ ነው፤ በኮምፒውተሩ ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ የሚመከረው ልክ ተብሎ የተጻፈው 3840 በ2160 መሆኑን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ከአዲስ አበባ መርካቶ ገዝቶ ለሚያመጣ ሰው 275 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው መንገድ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የአውቶቡሱ ረዳት «አምጣ ጋሼ፣ ፖርቶ መጋላ ላይ ልጫንልህ» ቢል እሺ አትበሉ። የሞኒተር ገጽ ሁለት ቀጫጭን መስተዋቶች ተጋጥመው የተሠራ ስለሆነ በጀርባው ተኝቶ የድንች ጆንያ ሲጫንበት ወይም መንገዱ ሲያንገጫግጨው ከመካከሉ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ከካርቶኑ ውጭ አይታይም፣ የሚታወቀው እቤት ገብቶ ሲበራ ነው። ካርቶኑ ላይ ቀስቱ ወደሚያመለክትበት ቀጥ ብሎ፣ በወንበሮች መካከል ወይም በጉልበት ላይ ተይዞ መምጣት አለበት፤ ትርፍ ወንበር መክፈል ቢያስፈልግም የወንበሩ ዋጋ ከሞኒተሩ ዋጋ ጋር አይተካከልም። ሐዋሳ ደርሳችሁም ከመናኸሪያው እስከ ቤት በባጃጅ ስትሄዱ ገጹ ወደ እናንተ እንጂ ወደ ብረቱ እንዳይዞር አድርጉ።

በመጨረሻ መብራት ይቀራል። 27 ኢንች ሞኒተር የሚፈጀው ኃይል ከ25 እስከ 45 ዋት ያህል ስለሆነ ቀላል ነው፤ የሚጎዳው መብራቱ ሄዶ ሲመለስ የሚከተለው ድንገተኛ ከፍታ ነው። 650 ቮልት አምፒር የሆነ ዩፒኤስ፣ ማለት መብራት ሲሄድ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ መሣሪያ፣ ሞኒተሩንና አንድ የቢሮ ኮምፒውተር ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል፤ የተጀመረውን ማመልከቻ አስቀምጦ በሥርዓት ለማጥፋት ይበቃል። ሌዘር ፕሪንተሩን ግን ከዚሁ ዩፒኤስ ላይ አትሰኩት፤ ቀለሙን ለማቅለጥ በቅጽበት የሚስበው ኃይል ከዩፒኤሱ አቅም በላይ ስለሆነ ሁሉንም ይዞ ይጠፋል፤ እርሱ ለብቻው ከግድግዳው ሶኬት ይሰካ።